ቃር ነው፤ ያልፋል

ሲስተር አስካለች ስታስተምር ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ዕድሜዋን በድንገተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ስለሆነች፣ የምትናገረው ሁሉ ፊት ለፊቷ ከተኛ ሰው ላይ እያየች የምታነበው ይመስላል። የዚያን ዕለት የምታስተምረው ከጨጓራና ከአንጀት ስለሚፈስ ደም ነበር።

"ከታችኛው አንጀት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ በሽተኛው ራሱ አይቶ ይደነግጣል፣ ሮጦ ይመጣል" አለች። "የሚያታልለው የላይኛው ነው። ከጨጓራ የፈሰሰ ደም አንጀት ለአንጀት ሲወርድ ይጠቁራል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ይሆናል። ሽታውን አንድ ጊዜ ያሸተተ አይረሳውም። በትውከት ከወጣ ደግሞ የቡና አተላ ይመስላል። በሽተኛው ደም ፈሰሰኝ ብሎ አይመጣላችሁም፤ ለእሱ ደም ማለት ቀይ ነው። ቃር ነው፣ ትንሽ ያዞረኛል፣ ነው የሚላችሁ። መስማት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።"

የነርስ ተማሪዋ የሶሊያና እስክሪብቶ "ቃር" የሚለው ቃል ላይ ቆመ።

ቃር ነው ልጄ፣ ያልፋል።

አባቷ ቀናው አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ዕድሜ ልኩን ማሽን ፊት የቆመ ሰው ነበር። ጉልበቱን ያመዋል። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ጠዋትና ማታ ይውጣል፤ ሰርቪስ እንዳያመልጠው ብዙ ጊዜ በባዶ ሆዱ፣ በጾም ወራት ደግሞ ሁልጊዜ በባዶ ሆዱ። ቀስ በቀስ ፊቱ ገረጣ፣ ከንፈሩ ነጣ። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይይዝ ጀመር። ምን ሆንክ ሲሉት መልሱ ያችው ናት። አንድ ጠዋት ሳፋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ነገር አስታወከ። ሶሊያና ያኔ የትምህርት ቤት ልጅ ነበረች። ሳፋውን አጠበች፣ ዩኒፎርሟን ለበሰች፣ ሄደች። ስትመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ደረሰች።

ጎረቤት ያሻውን አለ። ልቡ ነው ያለ ነበር፣ ሰው አስነክቶት ነው ያለም ነበር። እናቷ የሺሐረግ "እግዜር ጠራው" ብላ ወሬውን ዘጋችው። ለገደለው ነገር ስም የሰጠው ሰው አልነበረም። አሁን በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህች ረጋ ያለች ሴት አፍ፣ ስም አገኘ።

"ቶሎ ከተደረሰበት" ስትል ቀጠለች ሲስተር አስካለች፣ "አብዛኛው ሰው ይድናል።"

ሶሊያና ደብተሯን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቧንቧ ላይ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ሽታው ከሳሙናው ውስጥ ይመጣባት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ተመለሰ። በሕልም አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚመጣው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቷ የቆመ ሰው ትከሻ የእሱ ይሆናል። ልምምድ በምትወጣበት ዋርድ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ጉሮሮውን ሲጠርግ ትሰማዋለች። አለመውቀሱ ነው የከፋው። ለምን ሳፋውን አጥበሽ ሄድሽ ቢላት መልስ ይኖራት ነበር። እሱ ግን ያጽናናታል፤ ያንኑ ቃል ደጋግሞ ያጽናናታል።

ለእናቷ ልትነግራት አልቻለችም። ይድን ነበር እንዴት ይባላል? የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሙሀመድዘይን።

*

የተዋወቁት ለልምምድ በወጣችበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። እሱ የጭነት አይሱዙ ነጂ ነው። እጁ የተሰነጠቀ ጫኝና አውራጅ ይዞ መጣ፤ ቁስሉን የሸፈነችው እሷ ነበረች። በሳምንቱ ሙሀመድዘይን ብቻውን ተመልሶ መጣ። "የት ላይ ነው የቆሰልከው?" ብትለው ቆም ብሎ አሰበና "እየፈለግኩት ነው" አላት። ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ዘይኑ እንደሚለው እሷም ዘይኑ አለችው።

ነገሩ እንደማይሆን ሁለቱም ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። እናቱ በድሪያ አቃቂ በሰቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ባሏን ቀብራ አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች የወሎ ሙስሊም ናት። የሶሊያና እናት የሺሐረግ ደግሞ የጽዋ ማኅበሯን ዕለት ታማ እንኳ የማታስታጉል ሴት ናት። ሁለቱ እናቶች በአንድ ገበያ ውስጥ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤ በአንድ ሠርግ ላይ ግን የሚገናኙ አልነበሩም። ስለዚህ ፍቅራቸው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ ያለች ጭማቂ ቤት ውስጥ፣ ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚኖረው።

ስለ አባቷ የነገረችው እዚያው ተቀምጠው ነው። ኪኒኑን፣ ሳፋውን፣ ሲስተር አስካለች ያለችውን፣ በየመንገዱ የምታየውን ትከሻ ሁሉ ነገረችው። እጇን ይዞ ነበር የሚሰማት። መሐል ላይ ግን የጣቶቹ አያያዝ ላላ።

"ጥቁር ስትዪ" አለ ዝግ ብሎ፣ "ምን ያህል ጥቁር?"

"አስፋልት ላይ የሚያፈሱት ሬንጅ የለም? እንደዚያ።"

"እና አባትሽ ያውቅ ነበር?"

"ማየቱንማ ያያል። ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ብቻ እኛ እንዳንፈራ ደበቀን።"

ሙሀመድዘይን ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ አደረገው፤ ጭማቂው ግማሽ ላይ ነበር። ባጃጅ ድረስ ሸኛት። ስትገባ እንደ ልማዱ አልቀለደም፤ የባጃጁን ብረት ይዞ ጥቂት ቆመና ለቀቀው። አመሻሽ ላይ መልእክት መጣላት፦ "ለጥቂት ጊዜ አትደውይልኝ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ከአንቺ የመጣ አይደለም።"

ሶሊያና ደጋግማ አነበበችው። ባነበበችው ቁጥር የመጨረሻው መስመር እየቀነሰ፣ የመጀመሪያው እየገዘፈ ሄደ። ልቧን ከፍታ ሙት አባቷን አሳየችው፤ እሱ ደግሞ የሙት ቤት እንደሚሸሽ ሰው በሩን ዘግቶ ሄደ። ይኸው ነው፣ አለች በሆዷ።

*

የክፍሏ ልጅ ሌንሳ ከኮዬ ፈጬ ስትመላለስ በአቃቂ ታልፋለች፤ ወሬም አያልፋትም። "የዘይኑ እናት ቤት አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ መጥታለች" አለቻት አንድ ቀን፣ ዓይኗን ሳታይ። "አማል ይሏታል፣ የአክስት ልጅ ነገር። እናትየው ለምን እንዳመጣቻት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።"

"ጥሩ ነው" አለች ሶሊያና። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም።

በዚያው ሰሞን ሙሀመድዘይንን አየችው። ታክሲ መያዣው ላይ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የቆመ ሚኒባስ ተደግፎ ነበር። ከስቷል። ጃኬቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈት አደረገ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ያፈረ ሰው አስተያየት ነው ብላ ተረጎመችው። የተናደደች ፍቅረኛ ሆና ነበር ያየችው። በነርስ ዓይን አይታው ቢሆን ኖሮ የከንፈሩን መንጣት፣ በሙቀት ጃኬት መደረቡን፣ ሚኒባሱን የተደገፈው ቆሞ መቆየት ስላቃተው መሆኑን ታነበው ነበር። ቤቷ ስትደርስ አባቷ ደረጃው ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆሞ ጠበቃት። አልፋው ገባች። ዛሬ አንተንም አልሰማህም፣ አለችው። ከዚያ በር ዘግታ አለቀሰች፤ ለየትኛቸው እንደምታለቅስ ግን አልለየችውም።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

"ሶሊያና ነሽ?" አለች የማታውቃት ልጅ፣ በሚያባብል የወሎ ቅላጼ። "እኔ አማል ነኝ። እንዳትዘጊው።"

ሶሊያና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

"ዘይኑ ታሟል። ከትናንት ጀምሮ የሚያስታውከው ጥቁር ነው። ለእናቱ እንዳልነግር አስምሎኛል። ላንቺ እንዳልነግር ግን አላስማለኝም።"

ሶሊያና እንዴት እንደለበሰች አታስታውስም። ባጃጁ ውስጥ ሆና የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ አባቷ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፣ ጉልበቱን እያሻሸ።

የበድሪያ ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችው በድሪያ ራሷ ነበረች። በእጇ የተበጠበጠ ተልባ ይዛለች። ሶሊያናን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ማን እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ ልጄ?"

"እትዬ በድሪያ፣ ይፍቀዱልኝና ልየው።"

"ጨጓራው ነው። ድሮም አለበት። ተልባ በጥብጬለታለሁ፣ ሲጠጣ ይሻለዋል።"

"ይህንንም ባይጠጣ ነው የሚሻለው። ስለ ሌላው ነገር የፈለጉትን ይበሉኝ፣ ቆሜ እሰማለሁ። አሁን ግን ያሳልፉኝ።"

አማል ከበስተጀርባ "አክስቴ፣ ደም ነው" አለች። በድሪያ ዘወር ስትል ሶሊያና ገባች።

ሽታው ከበሩ ላይ ተቀበላት። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሳሙናም በረኪናም ፈሶበታል፤ ከሁሉም ሥር ግን ያ ሽታ ተኝቷል፣ ብረትና ጣፋጭ የሆነ፣ አንድ ጊዜ ያሸተቱት የማይረሳ። እግሯ ደፉ ላይ ቀረ። በዚያች ቅጽበት የአቃቂ በሰቃው ቤት ጠፋ፤ የራሷ ቤት ሆነ፣ ሳፋው እዚያው፣ ዩኒፎርሟ ወንበሩ ላይ። አልጋው ላይ የተኛው ሰው ፊቱን ወደ እሷ አዞረና ፈገግ ሊል ሞከረ።

"ቃር ነው" አለ። "ያልፋል።"

"አይደለም አባዬ" አለች ሶሊያና።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። ሌሎቹም ሰሙ። ከዚያ በኋላ ግን እጇ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። አጠገቡ ተንበረከከች። መዳፉ ቀዝቃዛና ላብ ያጠመቀው ነበር። የልብ ምቱን የእጁ አንጓ ላይ ፈለገችው፤ ፈጣንና ቀጭን፣ እንደሚያመልጥ ክር። የታችኛውን የዓይን ቆቡን ገለጥ አደረገች፤ ቀይ መሆን ያለበት ወረቀት መስሏል።

"ኪኒን ትወስዳለህ?"

"ለወገቤ… መንገድ ላይ ስሆን።"

"ሰገራህ ከመቼ ጀምሮ ነው የጠቆረው?"

ዓይኑን ጨፈነ። "ካንቺ ከመስማቴ በፊት" አለ። "ስትነግሪኝ ነው ያወቅኩት።"

ሶሊያና ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። በግራ ጎኑ አዙራ አስተኛችው፤ ካስታወከ ወደ ሳንባው እንዳይገባ። በድሪያን "በአፉ ምንም እንዳይገባ፣ ውኃም ቢሆን" አለቻት። ጎረቤታቸው ረሻድ ሚኒባሱን ይዞ እንዲመጣ አማልን ላከቻት። ሙሀመድዘይን ቁጭ ሊል ሲሞክር ራሱን ሳተና ትከሻዋ ላይ ወደቀ። በድሪያ "ያ ረቢ" ብላ ብርጭቆውን ለቀቀች። ተልባው ምንጣፉ ላይ ሲሰራጭ ማንም አላየውም።

*

ሆስፒታሉ ውስጥ ሁለቱም ክንዶቹ ላይ ወፍራም መርፌ ተተከለ፣ ግሉኮስ ገባ፣ ደም ተጠየቀ። ሐኪሞቹ መጋረጃውን ሲዘጉ ሶሊያና እንደ ማንኛውም አስታማሚ ውጭ ቀረች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንዱ ጫፍ ላይ እሷ፣ ሌላው ጫፍ ላይ በድሪያ ተቀመጡ። አማል ቤቱን ለመጠበቅ ቀርታ ነበር።

ስትሬቸር እየተንኳኳ በፊታቸው አለፈ። ከዚያ በድሪያ ተናገረች።

"አባዬ ያልሽው ምንድን ነው?"

ሶሊያና ነገረቻት። ለእናቷ ያልነገረችውን ለዚህች ሴት፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ነገረቻት። በድሪያ ሻርፗን እያጠበቀች ሰማች።

"ያስታውክ እንደነበር አላወቅኩም" አለች በመጨረሻ። "እኔ አሳድጌው፣ እኔ ጨርቁን አጥቤለት… እናቱ ሆኜ አላወቅኩም።"

"ሲደብቁን አናውቅም፣ እትዬ በድሪያ። የሚደብቁን ስለሚወዱን ነው ይባላል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን መውደድ እፈራዋለሁ።"

በድሪያ ወደ እሷ ዞረች። "አልዋሽሽም ልጄ። ለልጄ የተመኘሁት አንቺን አልነበረም። አሁን ወደድኩሽ ብል ደግሞ የምናገረው ፍርሃቴ ነው። ይዳንልኝ፤ ከዚያ እንተያያለን።"

"እኔም እናት አለችኝ" አለች ሶሊያና። "እርስዎን ትመስላለች።"

ሐኪሙ ሲወጣ ሁለቱም አብረው ተነሡ። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በጉሮሮው አስገብተው አይተውታል። የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ቁስለት አለ፣ ሥሩ ላይ የደም ሥር ተከፍቶ ነበር፤ እዚያው ዘግተውታል። ባክቴሪያም ሳይኖረው አልቀረም፣ ኪኒኑ ደግሞ አባብሶታል። በመድኃኒት የሚድን ነው። "ደሙ ቆሟል" አለ ሐኪሙ። "ትንሽ ብትዘገዩ ግን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።"

በድሪያ መዳፏን ፊቷ ላይ አድርጋ "አልሀምዱሊላህ" አለች። ሶሊያና ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ከዓመታት በፊት በዚያ ድንኳን ውስጥ ማልቀስ የነበረባትን ያህል።

*

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልታየው ገባች። ደም ተሰቅሎለታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ጢሙ ወጣ ወጣ ብሏል፤ ፊቱ ላይ ግን ቀለም የሚባል ነገር መመለስ ጀምሯል። በድሪያ አልጋው ጎን ካለው ወንበር ላይ ነበረች። አልተነሣችም፣ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችላቸው።

"ትናንት አባዬ ብለሽኛል" አላት ሙሀመድዘይን። ድምፁ ገና ሻካራ ነበር።

"ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ። የሸሸሁሽ ለዚህ ነበር። ጭማቂ ቤት ውስጥ ስትነግሪኝ ከአባትሽ ጋር እኔንም እየቀበርሽኝ መሰለኝ። ታክሜ ድኜ እመለሳለሁ አልኩ። አንድ ጭነት ላድርስና፣ ነገ ልሂድና ስል… ሳታዪው ቢያልፍ ብዬ ነው። ሁለተኛ ጊዜ እንዳታዪው።"

"እና አማል?"

"አማልን ገና እንደመጣች ነግሬያታለሁ። ልቤ ሌላ ቦታ ነው ብያታለሁ። ስልክሽን የፈለገችው ለዚያ ነው።"

ሶሊያና የአልጋውን ብረት ያዘች። ለሳምንታት ያጠራቀመችው ቃል ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን ጥቂት ነው።

"ዘይኑ፣ ከፍርሃት አዳንከኝ ብለህ ታስባለህ? አላዳንከኝም። ብቻዬን ነው ያስፈራኸኝ። እሱም ያደረገኝ ይህንኑ ነው። ሁለታችሁም ለእኔ ብላችሁ በሬን ዘጋችሁብኝ።"

ዓይኑ ውስጥ እንባ ሞላ፤ ሊጠርገው ቢል ክንዱ በቱቦ ታስሯል። እሷም አልጠረገችለትም፣ እንዲወርድ ተወችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "ስታዪኝ ማንን ነው የምታዪው? እውነቱን ንገሪኝ። ለሌላ ሰው ስትዪ የምትወጂኝ ከሆነ ልወቀው።"

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ከራሷ ደብቃው የኖረችው ጥያቄም ነበር። ከጎረቤት አልጋ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ሶሊያና ጆሮዋን ሰጠች፤ የማታውቃቸው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

"ትናንት ቤታችሁ ስገባ ያየሁት እሱን ነው" አለች። "የረሻድ መኪና ውስጥ ጭንቅላትህን ይዤ ስሄድም እሱን ነበር የያዝኩት። አልዋሽህም። ሐኪሙ ደሙ ቆሟል ሲል ግን የእሱ ደም እንዳልቆመ ገባኝ። የእሱ ፈሶ አልቋል። ለእሱ አለቀስኩ። ደስ ያለኝ ላንተ ነው። ሁለቱን መለየት የቻልኩት እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው።"

"እና አሁን?"

"አሁን አንተን ነው የማየው። ደግሞም ተናድጄብሃለሁ። በሱ ተናድጄ አላውቅም፤ አንተ ብቻህን ነህ።"

ፈገግታው ከንፈሩን አሳመመውና ፊቱን አጨማደደ። እሷም ሳትፈልግ ፈገግ አለች። ስለ ነገ ምንም አልተነጋገሩም። የሺሐረግ ገና አልሰማችም፤ በሁለቱ ቤቶች መሐል ያለው መንገድ ትናንት ከነበረበት አንድ ስንዝር አላጠረም፤ ሁለቱም ያውቁታል። የእሱ ዓይን መክበድ ጀመረ። እንቅልፍ ሲወስደው ሶሊያና ሳታስበው ደረቱን ማየት ያዘች፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል። ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ተኝቶ ስታየው ትንፋሹን ትጠብቅ ይሆናል። ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሸሽ አሰበችው።

ከውጭ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። በድሪያ ከመስኮቱ ፊቷን መለሰች። የተባባሉትን ሁሉ እንደሰማች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ሻርፗን አስተካክላ ቀስ ብላ ተነሣች። ልጇን አየች፣ ከዚያ ሶሊያናን።

"ልስገድ ልሂድ" አለች። "እስክመለስ አጠገቡ ሁኚልኝ።"

በሩ ላይ ደርሳ ወደ ኋላ አላየችም። ሶሊያና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። የእናቱ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር።